«ከእናትየው ነው» ብለው አሰናበቱኝ

መጀመሪያ የሽንቱን ቀለም ልንገራችሁ፤ ሦስት ቦታ ስመላለስ ማንም አልጠየቀኝምና። የልጄ ሽንት ብዙ የፈላ ሻይ ይመስል ነበር። ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። የልጃችሁን ሽንት እንዲህ ሆኖ ካያችሁ፣ በተለይ የባቄላ እሸት በየመንገዱ ዳር በሚሸጥበት ወቅት ካያችሁ፣ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትቀመጡ። ከዚህ በታች ያለው ብዙው ንዴቴ ነው። ንዴቴን መዝለል ትችላላችሁ፤ ይህችን ግን እንዳትዘሉ።

ዘሀራ እባላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከጀማልና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። ጀማል የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነው። ትልቋ ልጄ ሀያት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሹ ኑረዲን፣ ኑሬ የምንለው፣ ነገሩ ሲጀምር አራት ዓመቱ ነበር። ጎረቤቶቼ «አንቺስ ጥንቃቄ አበዛሽ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አበዛለሁ። ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ ነው የማጠጣቸው። ሰላጣ በአቼቶ ሳላጥብ አላቀርብም። ይህን የምለው እንድትመሰክሩልኝ ነው፤ ልጄን ሞት አፋፍ ያደረሰው ግዴለሽነት አልነበረም። እንዲያውም አንዱን ጥፋት የሠራሁት በጥንቃቄዬ ነው። እደርስበታለሁ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አማቴ ከወሎ፣ ከደሴ ማዶ ካለው አገራቸው መጡ። ሁላችንም እማ ነው የምንላቸው። ጀማል ከመናኸሪያ ተቀብሏቸው ሲገባ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ሙሉ የባቄላ እሸት ነበር፤ ከነአገዳው፣ ገና ጤዛው ያልደረቀ የሚመስል። በእኛ ዘንድ በዚያ ወቅት ለልጅ ልጅ እሸት ሳይዙ መምጣት ነውር ነው። እማ ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው እየፈለፈሉ አጎረሱት። ኑሬም ከጎናቸው አልነሳ አለ።

«ብላ የኔ ጌታ፤ ይህ እንደ ከተማ ብስኩት አይምሰልህ። ይህ ደም ይሆናል» ይሉት ነበር።

እኔም በላሁ። ጀማልም ከሥራ ሲገባ ጥሬውን እፍኝ እፍኝ ወሰደ። ሀያት አትወድም፣ አልበላችም። ማንም ምንም አልሆነም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኑሬ አልነሳ አለኝ። ግንባሩ ይፋጃል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። መጸዳጃ ቤት አቅፌ ወሰድኩትና ያን ሽንት አየሁ። ወደ መስኮቱ አቅርቤ ዓይኑን ገለጥ ሳደርግ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ክሊኒክ አለ። ፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቀን ገባን። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየንም።

«ምን ሆነ?»

«ያተኩሰዋል። ሽንቱ ደግሞ...»

«ደም ይስጥ» አለና ወረቀት ጻፈ።

ውጤቱ ሲመጣ «ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም ትንሽ አለበት» ተባልኩ። እዚያ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። መድኃኒቱን ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆም ብዬ «ሽንቱን ግን አላየልኝም» ብዬ አሰብኩ። ተመልሼ መግባት አፈርኩ። ይህንንም ጻፍኩት፤ እናንተ እንዳታፍሩ።

በማግስቱ ባሰበት። ጎሮ አካባቢ ጥሩ ነው ወደተባለ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። የዚህኛው ሐኪም ቢያንስ የልጄን ዓይን አየ። አየና «ጉበቱ ነው፤ በእናንተ አነጋገር ወፍ የምትሉት። በራሱ ይለቀዋል። ቅባት የነካው ነገር እንዳትሰጪው። ቀለል ያለ፣ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ስጪው» አለኝ።

ቅባት የሌለው፣ ቀለል ያለ፣ ኃይል የሚሰጥ። አንዲት የወሎ ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሠራ መገመት ትችላላችሁ። እኔና እማ ሳንነጋገር እኩል ነው የተነሳነው። ከማዳበሪያው የተረፈውን እሸት ፈልፍለን፣ ቀቅለን፣ ፈጭተን የባቄላ ሾርባ ሠራን። ሐኪሙ ቅባት ብሏልና ዘይት ጠብ አላደረግኩበትም። ልጁ አፉን አልከፍት ሲል አገጩን ይዤ በሻይ ማንኪያ አጠጣሁት፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። መርዙን ቀቅዬ፣ አብርጄ፣ በእጄ አጠጣሁት።

ምን በላ? ሁለት ቃል ናት። ሰው ለመጠየቅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት እንኳ የታመመ ልጅ ስታይ «ምን በልቶ ነው?» ትላለች። ሁለት ሐኪሞች፣ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ግድግዳቸው ላይ ወረቀታቸውን በመስታወት የሰቀሉ፣ እሷን ሁለት ቃል አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ኑሬ ትንፋሹ ፈጠነ። መዳፉን ከመዳፌ ጋር ሳስተያየው የእሱ ነጭ ወረቀት ነው። ጀማል ሥራውን አቋርጦ መጣና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ትልቅ የግል ሆስፒታል በራሱ ታክሲ ወሰደን። እዚያ ሶፋው ለስላሳ ነው፣ ቴሌቪዥን አለ፣ መስታወት ውስጥ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ካርድ የምታወጣው ልጅ «በቅድሚያ ማስያዣ ያስፈልጋል» አለችን። ጀማል ያለውን ቢያወጣ አልሞላም፤ ወዳጆቹ ጋ ስልክ መደወል ጀመረ። ሶፋው ላይ ቦታ አልነበረም። እጃቸው በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት እናት ተነስተው «ልጄ፣ እዚህ አስተኚው፤ እኔ እጄ እንጂ እግሬ አልታመመም» አሉኝ። ያን ቀን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ያ ቃል ብቻ ነው የሚያጽናና።

የደም ውጤቱን ያዩት ዶክተር ግን ደነገጡ። «ደሙ በጣም ወርዷል። ዛሬውኑ ደም ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ የለም» አሉና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ጻፉልን።

ጀማል ታክሲውን ከእኛ በቀር ባዶውን ሲነዳ በየፌርማታው ሰው እጁን ያወዛውዛል፣ አንዳንዱ በሩን ይመታል። «ባዶ ይዘህ የት ትሄዳለህ? ጨካኝ!» ብሎ የሰደበውም ነበር። ጀማል ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም። ያን ቀን መስታወቱን ዘጋ፤ ዓይኑ ግን ከኋላ በሚያሳየው መስታወት ውስጥ ልጁ ላይ ነበር።

ሆስፒታሉ ሞልቷል። ኮሪደር ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተቀበሉን። ለሚሰጠን ደም በምትኩ ደም የሚለግስ ሰው አምጡ ተባልን። ጀማል ተራ ላይ ላሉት ሾፌሮች ደወለና ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ግቢው ውስጥ አምስት ታክሲ ቆመ። ከመካከላቸው በጣም ግዙፍ የሆነው መርፌውን ሲያይ ላቡ ተንቆረቆረ። ጓደኛው «አይዞህ፣ ነርስ ናት እኮ፤ ትራፊክ ፖሊስ አይደለችም፣ መንጃ ፈቃድ አትጠይቅህም!» ሲለው ነርሷ ራሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ እንጃ። አላህ ይስጣቸው፤ አንዱም የዚያን ቀን ያጣውን ገቢ አላነሳም።

ደሙ እየገባለት ሳለ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል፤ እስክሪብቶዋ ፀጉሯ ውስጥ ተሰክቷል። ፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ አለችና እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዝዛ ከሁሉ አስቀድማ እንዲህ አለችኝ፦

«እናት፣ ልጁ ከመታመሙ በፊት ምን ምን በላ?»

ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሙዝ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። «እሸት ደግሞ» አልኩ።

እስክሪብቶው ቆመ። «የምን እሸት?»

«የባቄላ።»

«ጥሬውን?»

«አዎ። ሁለት ቀን እስኪጠግብ። ከዚያ ሲያመው ደግሞ ሾርባውን...»

መጨረስ አልቻልኩም። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ዶክተሯ ግን አልተቆጣችኝም። «ከአሁን በኋላ ባቄላ በምንም መልክ እንዳይቀምስ። ገና በምርመራ ይረጋገጣል፤ እኔ ግን የገመትኩት አለ» አለች።

አብረውን መጥተው ከእግሩ በኩል የቆሙት እማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እሸት ነው እንዴ ሰው የሚገድለው? እኛን ማን አሳደገን? እናት አባቶቻችንን ማን አሳደጋቸው? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ወላሂ!»

«እማማ፣ ለእርስዎ ምግብ ነው። ለእሱ ግን አይስማማም» አለች ዶክተሯ ለስለስ ብላ። እማ ፊታቸውን አዞሩ።

ደሙ ገብቶለት ሁለት ቀን ሲያልፍ ሽንቱ መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሻይ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ሆነ። ኑሬ ዓይኑን ገልጦ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «ዓሣዎቹ የት ሄዱ?» የሚል ነበር። ለካ ያን ቀን ሶፋው ላይ ዝሎ ተኝቶ እያያቸው ነበር። ዶክተሯ ስታሰናብተን ዋናው ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደረግለት ነገረችን። አሁን ቢመረመር የተጎዳው አሮጌ ደም አልቆ አዲሱ ብቻ ስላለ፣ የተሰጠውም የሌላ ሰው ደም ስለሆነ፣ ጤነኛ ነው ተብሎ ሊያሳስት ይችላል አለች። ይህንንም ያዙት።

ሦስቱ ወር አለፈ። ኦሎምፒያ አካባቢ ላለ ላቦራቶሪ የኑሬን ደም ሰጠን፤ ውጤቱን ለመውሰድ እኔ፣ ጀማልና እማ አብረን ሄድን። በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው አገላብጦ አየና፣ ለእኔ እንኳ አይደለም፣ ከእኔ አሳልፎ ለጀማል «አለበት። ከእናትየው ነው» አለው።

«ምኑ ነው ከእኔ?» አልኩ።

«በዘር የሚተላለፍ ነው፤ በእናት በኩል። ቀጣይ!»

ቀጣይ። አንድ ቤት አፍርሶ ቀጣይ አለ። ወረቀቱን ለመስጠት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ስለ በሽታው የሚያውቀው እኔ ስለ አውሮፕላን ከማውቀው አይበልጥም ይሆናል። ግን ተናገረ፣ እማም ሰሙ። ቤት ስንገባ እማ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጀመሩ።

«እኔ መጀመሪያም ብያለሁ። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። ሰባት ወልጃለሁ፣ አንዱም ቢጫ ሆኖ አያውቅም።»

«እማ ተይ» አለ ጀማል።

«ምኑን ነው የምተወው? ጤነኛ ወንድ ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ሸሪዓው አይከለክልህም፤ ሌላ ማግባት ትችላለህ።»

«አንዷ ስትቆጣ የምገባበት ጠፍቶኛል፤ ሁለት ሲሆኑ ታክሲው ውስጥ ልደር?» አለና ሊያስቃቸው ሞከረ። እማ አልሳቁም። እሱም ቢሆን ሳቁ ከልቡ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት እየበላ ይተኛል እንጂ አላናገረኝም። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ስታገቢኝ ታውቂው ነበር?» አለኝ።

ከበሽታው ሁሉ ይህ ጥያቄ ነው ያመመኝ። እኔ ስለ ደሜ ምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ታምሜ የማላውቅ፣ እሸት እየበላሁ ያደግኩ ሰው። ምን እንደወረስኩ ከየት ልወቅ? ሌሊቱን ደግሞ የልጄን ዓይን በስልክ መብራት ገልጬ ሳይ ማደር ልማዴ ሆነ።

በመጨረሻ ጀማልን «ትመጣለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» ብዬ ወደዚያች ዶክተር ይዤው ሄድኩ። ግማሽ ቀን ጠበቅናት። ወረቀት አውጥታ ሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈች፣ መስመር እያሰመረች ታስረዳን ጀመር። ክሮሞዞም የሚባል ነገር እንዳለ፣ ከአባትም ከእናትም የምንወስደው ነገር ሁሉ፣ የዓይን ቀለም ሆነ የፀጉር ዓይነት፣ በእሱ ላይ እንደተጻፈ ነገረችን። እኔ ግን መስመሮቹ ተምታቱብኝ። አልገባኝም ለማለት አፍሬ እጄ ላይ ያለውን የቤት ቁልፍ ሳገላብጥ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ዶክተር፣ እንደ ቁልፍ ነው?» አልኳት።

«እስቲ እንዴት?» አለች።

ተነጋግረን ያስተካከልነውን ነው የምጽፍላችሁ። ሴት ልጅ ስትወለድ ሁለት ቁልፍ ይዛ ትወለዳለች፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ። ወንድ ልጅ የዚህ ዓይነት ቁልፍ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። ቁልፉ ደምን ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር የሚሠራበትን ክፍል ይከፍታል። ሐኪሞች ያን ነገር ጂ ሲክስ ፒዲ ይሉታል። እኔ ካሉኝ ሁለት ቁልፎች አንዱ የተጣመመ ነው። ሁለተኛው ደህና ስለሆነ በሬ ይከፈታል፤ ስለዚህ እሸት በልቼ ምንም አልሆንኩም፣ መጣመሙንም አላወቅኩም። ኑሬን ሳረግዝ የደረሰው የተጣመመው ነው። እሱ ደግሞ ሌላ መለዋወጫ የለውም። በአዘቦት ቀን በሩ በጥቂቱም ቢሆን ይከፈትለታል፤ ይጫወታል፣ ያድጋል። ባቄላ ወይም አንዳንድ መድኃኒት ሲገባበት ግን ደሙ ራሱን መከላከል ያቅተውና ይፈርሳል። ያ ጥቁር ሽንት የፈረሰው ደም ነው። ሁልጊዜም በአንድ ልክ አይመጣም፤ ጥሬና ብዙ ሲሆን ይብሳል። ለዚህ ነው ከዚያ በፊት ሽሮ ውስጥ ትንሽ ባቄላ ቀምሶ ያልታወቀው።

ጀማል ጭንቅላቱን አከከ። «እኔስ? የእኔ ቁልፍ የት ሄደ?»

«ያንተ ለሀያት ደርሷታል። ለኑረዲን የሰጠኸው ሌላውን ነው፤ ወንድ የሆነውም በእሱ ነው» አለችው።

«ታዲያ መለዋወጫ የከለከልኩት እኔ ነኝ በይኛ!»

ዶክተሯ ሳቀች። «ማንም አልከለከለም፣ ማንም አልሰጠም። መርጣችሁ አይደለም። ዕጣ ነው።»

ኮንዶሚኒየሙን በዕጣ ላገኘ ለአራብሳ ሰው ዕጣን ማስረዳት አያስፈልግም። ጀማል ወዲያው ገባው። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል፤ ያለፈው አይቆጠርም። ወንድ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው፦ ወይ ደህናው ይደርሰዋል፣ ወይ የተጣመመው። ሴት ከሆነችም ግማሽ በግማሽ ነው፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ አትታመምም፣ እንደ እኔ ተሸክማው ትኖራለች። ኑሬ አድጎ ሲወልድ ደግሞ ወንድ ልጆቹ ከእሱ አይወርሱትም። ሴት ልጆቹ ሁሉ ግን ይሸከሙታል።

ከዚያ ዶክተሯ «በእናትሽ በኩል ልጅ ሆኖ የሞተ ወንድ አለ?» አለችኝ።

አለ። ከእኔ በፊት የተወለደ ሰይድ የሚባል ወንድም ነበረኝ። አላስታውሰውም፤ ስሙን ብቻ ነው የማውቀው። ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ አጥሩ ሥር ቆሜ ወሎ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሰይድ በምን ነው የሞተው?»

«አሁን ምን አስነሳሽ? ወፍ ነው ያሉት። ቢጫ ሆኖ በታመመ በአራት ቀኑ ሄደ።»

«በምን ወር?»

«ጥቅምት።»

«እሸት በልቶ ነበር?»

«በጥቅምት እሸት ያልበላ ልጅ ማን አለ?» አለችኝ። ከዚያ፣ ነገሩን ቀስ ብዬ ስነግራት፣ «እኔ ነበርኩ የማጎርሰው» አለች። ያን ቀን ለእህቴ ለመዲናም ደወልኩላት፤ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፣ ቤቷም ጓሮው ባቄላ ነው። ሁለቱንም ደሴ ወስዳ አስመረመረች። ትንሹ አለበት። እስካሁን አልታመመም፤ ተረፈልን።

ከእማ ጋር የታረቅነው በክርክር አይደለም። አንድ ቀን ሰላታቸውን ጨርሰው መስገጃው ላይ እንደተቀመጡ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። «በዚህ እጄ አይደል ያጎረስኩት» ይሉ ነበር ለብቻቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከእኔ ዘር መጣ ማለት ለእሳቸው ከእጃቸው አልመጣም ማለት ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እማ፣ እርስዎ ሁለት ቀን አበሉት፤ እኔ ደግሞ በሽታው ከያዘው በኋላ በማንኪያ አጠጣሁት። ሁለታችንም አላወቅንም» አልኳቸው። እጄን ያዙኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ለዚያ ዓመት አረፋ ባቲ ያለችው የጀማል እህት ዘንድ ሄደን ሰነበትን፤ ስንመለስ እማም አብረውን መጡ። ባቲ ቆላ ነው። አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ኑሬን ብርድ ብርድ አለውና አተኮሰው። እኔና እማ ይዘነው የሰፈራችን ክሊኒክ ሄድን። ወባ ነው ተባለ፤ በዚህ ጊዜ እውነታቸውን ነበር። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ሁለት ዓይነት ክኒን አወጣ።

«ይሄ ለሦስት ቀን ነው። ይሄኛው ደግሞ ወባው ተደብቆ ዳግም እንዳይነሳ ለሁለት ሳምንት ይወስዳል።»

«ስሙ ማን ነው ሁለተኛው?» አልኩት።

«ስሙን ምን ያደርግልሻል? እንደጻፍኩልሽ ስጪው።»

ቦርሳዬ ውስጥ ዶክተሯ በእጇ የጻፈችልኝ፣ ጀማል በላስቲክ ያስለበደው ካርድ አለ። ኑሬ የማይቀርበው ሁሉ ተዘርዝሮበታል፦ ባቄላ፣ ልብስ ብል እንዳይበላው ሳጥን ውስጥ የሚጨመሩት ነጭ ኳሶች፣ ከዚያ የመድኃኒት ስሞች። ካርዱን ከክኒኑ ማሸጊያ ጋር አስተያየሁ፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ ባልችልም ፊደል ከፊደል ማስተያየት እችላለሁ። ዶክተሯ ፕሪማኩዊን ብላ ያነበበችልኝ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ነበር።

«ይህን አይወስድም» አልኩ።

«አንቺ ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እማ መስኮቱን በመዳፋቸው መቱት። «እናቱ ናት! ደሙን የሰጠችው እሷ ናት፤ ከአንተ የበለጠ ታውቀዋለች። ካርዱን አንብብ! ማንበብ ካቃተህ የሚያነብ ጥራ!»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ ካርዱን አነበበ፣ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙን አማከረና ተመለሰ። ሁለተኛውን ክኒን አንስቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ይቅርታ አላለም። እኔም ይቅርታውን አልፈለግኩም። ኑሬ የሦስቱን ቀን ወስዶ ተነሳ፤ ስለ ቀሪው ዶክተሯ ራሷ ወሰነች፣ እየተከታተለችውም ነው። ካርዱን ባልይዝ፣ ባልጠይቅ፣ ወይም እንደ መጀመሪያው ቀን አፍሬ ብወጣ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ለእናቶች የምለው ይህ ብቻ ነው፦ ጠይቁ። ቢቆጡም ጠይቁ። ለሐኪሞችም እንዲሁ፦ ጠይቁ። አይከብድም።

የዚያን ዕለት እማ ቤት ስንገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዘሀራ፣ ይህ ነገር እዚሁ ቤት ውስጥ ይቅር። ሀያትም እንዳትሰማ። ነገ ለጋብቻ ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው ዘሯ እንዲህ ነው ከተባለ ይሸሻል» አሉኝ።

እማን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ተቆጣሁ። እናቴ ስለ ሰይድ አትናገርም ነበር። ሰው ሁሉ ወፍ ብሎ ቀበረው፣ ሞቱ አብሮት ተቀበረ፣ እኔ ሳላውቅ ወለድኩ፣ መዲና ጓሮዋ ባቄላ እየተከለች ወንድ ልጆች አሳደገች። ስንት ሰይድ በየጥቅምቱ እንዲህ እንደሄደ ማን ያውቃል? «አይሆንም እማ» አልኳቸው። «ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ካለ ይሽሽ።»

ሀያት ለካ መጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሁሉንም ሰምታለች። እርሳሷን እንደያዘች ብቅ አለች።

«እኔም አለብኝ?»

«ሊኖርብሽ ይችላል፣ ላይኖርብሽም ይችላል። ግማሽ በግማሽ ነው። ምርመራው ለሴት ልጅ ሁልጊዜ ቁርጡን አይናገርም» አልኳት። አልዋሸኋትም።

«ቢኖርብኝ ያመኛል?»

«ብዙ ጊዜ አያምም። ስታድጊ ወንድ ልጅ ከወለድሽ ግን እሱ እንደ ኑሬ ሊሆን ይችላል።»

ትንሽ አሰበች። አያቷንም እኔንም በየተራ አየችን፤ እንዲህ ያንሾካሾክንበት ነገር ምኑ እንደሚከብድ ያልገባት ትመስል ነበር።

«ታዲያ ባቄላ አልሰጠዋ!» አለችና ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች።